ሽሉ ማህፀን ሳይገባ ሲመረመር

ምርመራው አያስረግዝም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምለው፣ ልጅ አጥተው ከነቀምቴ፣ ከጊምቢ፣ ከሻምቡ ወይም ከደምቢ ዶሎ የሪፈር ወረቀት ይዘው አዲስ አበባ የሚገቡ ባልና ሚስት ስለ አይ ቪ ኤፍ፣ እንቁላልና ዘር ላብራቶሪ ውስጥ ስለሚገናኙበት ሕክምና፣ መጠያየቅ ሲጀምሩ «ሽሉን አስመርምራችሁ ብታስገቡት ይሻላል» የሚል መካሪ ስለማያጡ ነው። መካሪው ውጭ አገር የሚኖር ዘመድ ሊሆን ይችላል፤ የክሊኒክ ማስታወቂያም ሊሆን ይችላል። ምክሩ ለአንዳንዱ ቤተሰብ ትክክል ነው፤ የሚወለደውን ልጅ ከከባድ በሽታ ሊያድነው ይችላል። ለብዙው ግን ተጨማሪ ወጪና ተጨማሪ የጥበቃ ሳምንታት፣ አልፎ አልፎም ሊወለድ ይችል የነበረን ሽል መተው ማለት ነው።

አይ ቪ ኤፍ ራሱ ለአገራችን ገና አዲስ ነው። በዚህ መንገድ የተፀነሰች የመጀመሪያዋ ልጅ ሉዊዝ ብራውን እንግሊዝ ውስጥ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የመንግሥት ማዕከል በአዲስ አበባ፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሥራ የጀመረው ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም ነው። ማዕከሉ ከአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ሲቋቋም ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ የማህፀንና ፅንስ ሐኪም ፕሮፌሰር ሰናይት ፍሥሐ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። አቅም ያለው ሰው ለዚህ ሕክምና ወደ ህንድ፣ ወደ ታይላንድ ወይም ወደ ቱርክ ይሄድ ነበር፤ አሁንም የሚሄድ አለ። ለወለጋ ሰው አዲስ አበባም ቅርብ አይደለም። ከነቀምቴ በባኮና በአምቦ በኩል 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ባለፉት ዓመታት ደግሞ በጸጥታ ችግር ምክንያት መንገዱ እንደ ልብ የማይኬድበት ጊዜ ብዙ ነበር። ሕክምናው በአንድ ቀን ታይተው የሚመለሱበትም አይደለም። ስለዚህ አንድ ተጨማሪ ምርመራ ሲታዘዝ ከምርመራው ዋጋ ሌላ የመኝታው፣ የምግቡ፣ ከሥራ የመቅረቱና ዳግመኛ የመመለሱ ወጪ አብሮ ይመጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሴትየዋ ለ10 ቀን ወይም ትንሽ ለሚበልጥ ጊዜ የሆርሞን መርፌ ትወጋለች። በተፈጥሮ በወር አንድ እንቁላል የሚያበስሉት እንቁልጢዎች በመርፌው ኃይል በአንድ ጊዜ ብዙ ያበስላሉ። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እየተመራ እንቁላሎቹን በቀጭን መርፌ ያወጣቸዋል፤ ከባልየው ዘር ጋር ላብራቶሪ ውስጥ ይገናኛሉ። የሽሉ የዘር ምርመራ የታሰበ ከሆነ ብዙ ጊዜ አንድ የወንድ ዘር ብቻ ተመርጦ እያንዳንዱ እንቁላል ውስጥ በመርፌ ይከተታል፤ ሌላ ትርፍ ዘር በእንቁላሉ ዙሪያ ተጣብቆ ውጤቱን እንዳያበላሽ ነው። የተፀነሰው እንቁላል በማሞቂያ ሳጥን ውስጥ እየተከፋፈለ ያድጋል፤ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን ከመቶ በላይ ህዋሳት ያሉት ሽል ይሆናል።

በዚህ ጊዜ ሽሉ ሁለት ክፍል አለው። ውስጠኛው ልጁ የሚሆነው ነው፤ ውጪኛው የእንግዴ ልጁ የሚሆነው። ባለሙያው በሌዘር ታግዞ ከውጪኛው ክፍል ከ5 እስከ 10 የሚሆኑ ህዋሳትን ይወስዳል። ሽሉ ወዲያው በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ይቀመጣል። የተወሰዱት ህዋሳት ወደ ዘረ-መል ላብራቶሪ ይሄዳሉ፤ ላብራቶሪው ሌላ ከተማ ወይም ሌላ አገር ሊሆን ይችላል። ውጤቱ እስኪመጣ ሳምንታት ያልፋሉ። ከዚያ በኋላ «ደህና» የተባለ ሽል ካለ ከበረዶው ወጥቶ፣ ማህፀኗ በመድኃኒት ወይም በተፈጥሮ ዑደቷ ተዘጋጅቶ፣ ይገባላታል።

አሁን ቁጥሩን እንመልከት፤ ብዙ ሰው ሳይነገረው የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ ከአንዲት ሴት 12 እንቁላል ወጣ እንበል። ከእነሱ 9 ወይም 10 ያህሉ የበሰሉ ይሆናሉ፤ የሚፀነሱት 7 ገደማ፤ አምስተኛው ቀን የሚደርሱት 3 ቢሆኑ ጥሩ ነው። ምርመራው ከእነዚህ 3 ላይ ይነሳል። ውጤቱ 2 ደህና ሊል ይችላል፤ 1 ሊል ይችላል፤ አንድም ደህና የለም ሊል ይችላል። ከ3ቱ 4 አድርጎ የሚመልስ ምርመራ ግን የለም። ሥራው መቀነስ ነው። መቀነሱ የሚጠቅመው፣ የሚቀነሱት በእርግጥ መቀነስ የሚገባቸው ሲሆኑ ብቻ ነው።

«የዘር ምርመራ» ሲባል ደግሞ አንድ ነገር አይደለም። ክሊኒኮች በአንድ ስም የሚጠሯቸው ሦስት የተለያዩ ምርመራዎች አሉ፤ የሚያስፈልጓቸው ሰዎችም የተለያዩ ናቸው።

በብዛት የሚሸጠው የክሮሞዞም ቆጠራ ነው። እያንዳንዱ ህዋሳችን 46 ክሮሞዞም አለው፤ 23 ከእናት፣ 23 ከአባት። ሽሉ አንድ ከተረፈው ወይም ከጎደለው አብዛኛውን ጊዜ አይጣበቅም፣ ወይም በመጀመሪያዎቹ ወራት ይጨነግፋል። ጥቂቱ ይወለዳል፤ 21ኛው ክሮሞዞም ሦስት ሲሆን የሚመጣው ዳውን ሲንድሮም በሰፊው የሚታወቀው ነው። የእናት ዕድሜ ትልቅ ቦታ አለው፤ ምክንያቱም እንቁላል ሴቷ ከመወለዷ በፊት የተሠራ ስለሆነ አብሯት ያረጃል። በ25 ዓመቷ የምትወልድ እናት ዳውን ሲንድሮም ያለበት ልጅ የመውለድ ዕድሏ ከ1,250 አንድ ገደማ ነው፤ በ40 ዓመቷ ከ100 አንድ ገደማ ይሆናል። በሽል ደረጃ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል፤ በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ካለች ሴት ሽሎች ሲሶ ያህሉ የክሮሞዞም ችግር ሲኖርባቸው፣ ከ40 ዓመት በኋላ ከግማሽ በላይ ናቸው።

እንዲህ ከሆነ ቆጥሮ ደህናውን ማስገባት የመውለድ ዕድልን ይጨምራል ብሎ ማሰብ ተገቢ ነበር። ሐኪሞችም ለዓመታት ያሰቡት ይህንኑ ነው። ሴቶችን በዕጣ ከፍለው የተደረጉ ጥናቶች ግን የሚጠበቀውን አላሳዩም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ፣ በአራት አገሮች 661 ሴቶችን ያካተተ ጥናት ሽላቸው ከተቆጠረላቸው 50 በመቶው፣ በዓይን ብቻ ከተመረጠላቸው 46 በመቶው እርግዝናቸው እስከ 20 ሳምንት እንደዘለቀ አገኘ፤ ልዩነቱ ከአጋጣሚ የሚለይ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የቻይናው ጥናት 1,212 ሴቶችን ይዞ፣ ዕድሜያቸው ከ38 በታች በሆኑና ጥሩ ሽል ባላቸው ሴቶች መካከል የወለዱት ከተቆጠረላቸው 77 በመቶ፣ ካልተቆጠረላቸው 82 በመቶ ገደማ መሆናቸውን ዘገበ። የፅንስ መጨናገፍ በተቆጠረላቸው ላይ በትንሹ ያነሰ ነበር። በብሪታኒያ እነዚህን ክሊኒኮች የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ኤች ኤፍ ኢ ኤ ይህን ምርመራ የመውለድ ዕድልን በማሳደግ ረገድ ለአብዛኛው ታካሚ ቀይ ምልክት ሰጥቶታል።

ለምን ብሎ መጠየቅ ይገባል። አንዱ ምክንያት አሁን ያልነው መቀነስ ነው፤ ችግር ያለበት ሽል ሳይቆጠርም ቢገባ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይቀራል፣ ቀጥሎ ደህናው ይገባል፤ መጨረሻ ላይ ድምሩ ያው ነው። ሌላው ምክንያት ምርመራው ራሱ መሳሳቱ ነው። ከጆንያው አፍ አንድ እፍኝ ቡና አፍሶ አይቶ ስለ ጆንያው ሙሉ የሚፈርድ ነጋዴ የሚገጥመው ለላብራቶሪውም ይገጥመዋል። የተወሰዱት ህዋሳት የእንግዴ ልጁ ወገን ናቸው፤ ልጁ የሚሆነው ክፍል አልተነካም። ብዙ ሽል ደግሞ ድብልቅ ነው፤ ደህናና ችግር ያለባቸው ህዋሳት አብረው ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ2015 የጣሊያን ሐኪሞች ሌላ ሽል ለሌላቸው 18 ሴቶች «ድብልቅ» ተብለው የተተዉ ሽሎችን አስገብተው 6ቱ ጤነኛ ልጅ መውለዳቸውን አሳወቁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ክሊኒኮች ድብልቅ የተባለውን ወዲያው አይጥሉም። አንድ ክሊኒክ ምን እንደሚያደርግ ግን ቀድሞ ካልተጠየቀ አይታወቅም።

እንግዲህ የ28 ዓመት የነቀምቴ ሴት፣ ቱቦዋ ተዘግቶ ብቻ ወደ አይ ቪ ኤፍ የመጣች፣ ሦስት ሽል ያላት፣ ይህ ቆጠራ እንደሚያስፈልጋት የሚያሳይ ማስረጃ የለም። የ41 ዓመት ሴት ወይም ደጋግሞ የጨነገፈባት ሴት ጉዳይዋ የተለየ ነው፤ መጨንገፍን ለመቀነስና ጊዜ ላለማባከን ስትል ልትመርጠው ትችላለች። ልጅ ግን በምርመራው አይመጣላትም፤ በዚያ ዕድሜ «አንድም ደህና የለም» የሚለውን ውጤት ለመስማትም ዝግጁ መሆን አለባት።

ሁለተኛው ምርመራ በወላጆች ላይ የታወቀ የክሮሞዞም መዛወር ሲኖር የሚደረግ ነው። ሰውየው ወይም ሴትየዋ ራሳቸው ጤነኞች ናቸው፤ ነገር ግን ከአንዱ ክሮሞዞማቸው የተቆረጠ ቁራጭ ሌላው ላይ ተለጥፏል። ሽላቸው ብዙ ጊዜ ጎዶሎ ወይም ትርፍ ይዞ ይፈጠርና ይጨነግፋል። ደጋግሞ ከሚጨነግፍባቸው ባልና ሚስት መካከል ከመቶ ከ2 እስከ 5 የሚሆኑት ላይ ይገኛል። የሚታወቀው ከሁለቱም ደም ተወስዶ ነው፤ የደሙ ምርመራ ከሽል ምርመራ በፊት መደረግ አለበት።

ሦስተኛው ግን ከልቤ የማደንቀው ነው። ይህ በቤተሰቡ ውስጥ የታወቀ፣ በአንድ ዘረ-መል ስህተት የሚመጣ በሽታ ሲኖር የሚደረገው ነው። ታሪኩም የተጀመረው በዚሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ለንደን በሚገኘው ሐመርስሚዝ ሆስፒታል አለን ሃንዲሳይድና ባልደረቦቹ ወንድ ልጆችን ብቻ የሚያጠቃ በሽታ በቤተሰባቸው ላለባቸው ሴቶች የሴት ሽሎችን ለይተው አስገቡ። ዛሬ ሲክል ሴል፣ ታላሴሚያ፣ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ፣ ሄሞፊሊያና ሌሎች በመቶዎች የሚቆጠሩ በሽታዎች በዚህ መንገድ ይለያሉ።

ለወለጋ ሰው ሲክል ሴል ሊታወቅ ይገባዋል። በደጋው ኢትዮጵያ ብርቅ ነው። ነገር ግን ዘረ-መሉ ከወባ ጋር አብሮ የኖረ ነው፤ አንድ ቅጂ ያለው ሰው ከከባድ ወባ ስለሚጠበቅ ወባ በጸናባቸው ቆላዎች ሲወርድ ሲዋረድ ቆይቷል። ወለጋ ደግሞ በምዕራብ ከጋምቤላና ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ቆላዎች ጋር ይዋሰናል፤ ሰዉም ይጋባል፣ ይነግዳል። ባልም ሚስትም ተሸካሚ ከሆኑ በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ዕድል ልጁ በሽተኛ ይሆናል፤ ከአራት ሁለት እንደ እነሱ ተሸካሚ፣ ከአራት አንድ ፍጹም ነጻ። ሽሎቹ ሲመረመሩ ከአራቱ ሦስቱ ሊገቡ የሚችሉ ናቸው ማለት ነው፤ እዚህ ላይ መቀነሱ ትርጉም አለው። ይሁን እንጂ ላብራቶሪው በጨለማ አይፈልግም። የትኛው ዘረ-መል ላይ የትኛው ስህተት እንዳለ ከባል፣ ከሚስትና ብዙ ጊዜ ከታመመው ልጅ ደም ተለይቶ መቅረብ አለበት። «ልጃችን የሞተው በምን እንደሆነ አናውቅም፤ ሌላው እንዳይደርስበት ሽሉን መርምሩልን» ለሚሉ ወላጆች ምርመራው መልስ የለውም። ምርመራው የሚመልሰው በስም የተጠየቀውን ብቻ ነው።

በወለጋ ከተሞች የሚበዛው ፍርሃት ደግሞ በስም የማይጠየቀው ዓይነት ነው። ዝሆኔን እንውሰድ። እግር የሚያሳብጠው፣ በባዶ እግር ቀይ አፈር ለሚረግጡ ገበሬዎች የሚመጣው ዝሆኔ በቤተሰብ ስለሚታይ «ዘራቸው ነው» ተብሎ ጋብቻ ይፈርሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት በምዕራብ ወለጋ ጉሊሶ ወረዳ ከመቶ ነዋሪ ወደ 3 የሚጠጉት እንዳለባቸው አግኝቷል። ዘር ድርሻ የለውም ማለት አይቻልም፤ ወላይታ ላይ የተደረገ ጥናት የተጋላጭነቱን 63 በመቶ ከዘር ጋር አያይዞታል፤ የኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ በሰውነት መከላከያ ዘረ-መሎች አካባቢ ምልክት አግኝተዋል። ነገር ግን እነዚህ ዘረ-መሎች ተጋላጭ ያደርጋሉ እንጂ አያሳምሙም። ያን ሁሉ የዘር ድርሻ ይዞ የተወለደ ልጅ ከልጅነቱ ጫማ ካደረገና እግሩን ከታጠበ ዝሆኔ አይዘውም። ለዝሆኔ ሽል ማስመርመር ከንቱ ነው።

ሁለተኛው ፍርሃት የህብለ ሰረሰር ክፍተት ነው፤ ጀርባው ተከፍቶ ወይም ጭንቅላቱ በአግባቡ ሳይፈጠር የሚወለድ ልጅ። ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ችግር በዓለም ላይ ከፍተኛ ከሚባሉት መካከል ነው፤ አንድ ጊዜ የደረሰባት እናት በቀጣዩ እርግዝና መስጋቷ ልክ ነው። ሽል የሚመረመረው በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን ነው፤ የህብለ ሰረሰሩ ቱቦ የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ እስከ 28ኛው ቀን ድረስ ነው። ገና ያልተሠራን ነገር ምርመራው ሊያየው አይችልም። የሚከላከለው ፎሊክ አሲድ ነው፤ በቀን 0.4 ሚሊ ግራም፣ ከመፀነስ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ እስከ ሦስተኛው ወር። ከዚህ በፊት የደረሰባት ደግሞ አሥር እጥፍ ገደማ የሚሆነውን መጠን በሐኪም ትዕዛዝ ትወስዳለች። እንቅርት በሚታይባቸው አካባቢዎች ያለ አዮዲን ጨው የምታረግዝ እናት ልጅ የአእምሮ ዕድገት ችግርም እንዲሁ በሽል ምርመራ አይታይም፤ አዮዲን ባለው ጨው ይከላከሉታል። ኦቲዝምም በዚህ ምርመራ አይለይም።

ባሕር ማዶ ደግሞ ከዚህ ሁሉ አልፈው የሽሎችን የዘር ነጥብ ደምረን የትኛው ረጅምና ብልህ እንደሚሆን እንነግራችኋለን የሚሉ ኩባንያዎች ተፈጥረዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ስሌት፣ ከአሥር ሽል በዚህ መንገድ «ምርጡን» ቢመርጡ ትርፉ በቁመት 2.5 ሴንቲ ሜትር፣ በብልህነት መለኪያ 2.5 ነጥብ ገደማ እንደሆነ አሳይቷል። ያም የተሰላው ባብዛኛው ከአውሮፓውያን በተሰበሰበ መረጃ ነው፤ ለኢትዮጵያዊ ሲሆን ከዚያም ያንሳል። ገንዘብ ያለው ይሞክረው ይሆናል፤ እኔ ግን ሻጩን አላምነውም።

ፆታን ሳንነካ ማለፍ አይቻልም። ክሮሞዞም የሚቆጥር ሁሉ ወንድ ወይም ሴት መሆኑን ያያል፤ ወንድ ልጅ ካልተወለደ ቤት እንደማይጸና የሚያስብ አማት ባለበት አገር ይህ ፈተና ነው። ህንድ ፆታ መምረጥንና ማሳወቅን እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣችውና በኋላ ባጠናከረችው ሕግ በወንጀል ትቀጣለች፤ ለሕክምና ወደዚያ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ሐኪሙን «ወንድ ነው ሴት?» ብሎ ቢጠይቅ ሐኪሙ ዝም ቢለው አይደነቅ።

ወደ ነቀምቴ እንመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 እንዳለው ከስድስት ሰው አንዱ በዕድሜው የሆነ ጊዜ ልጅ የማጣት ችግር ይገጥመዋል። በአገራችን ግን አሁንም መጀመሪያ የምትመረመረው፣ የምትጸልየው፣ የምትወቀሰውና የምትፈታው ሚስት ናት። የባልየው የዘር ፈሳሽ ምርመራ ርካሽ ነው፤ የሠለጠነ ሰውና ማይክሮስኮፕ ያለበት ላብራቶሪ ይሠራዋል። ዓመታት አልፈው፣ ሚስትየው ሁለት ሦስት ሆስፒታል ዞራ፣ ባልየው አንድ ቀን እንኳ ሳይመረመር ቤተሰቡ አዲስ አበባ ሲገባ ማየት ያሳዝናል። በአፍሪካ በሴቶች በኩል ዋናው ምክንያት በአባላዘርና ከውርጃ ወይም ከወሊድ በኋላ በሚመጣ ኢንፌክሽን የሚዘጋ የማህፀን ቱቦ ነው፤ እሱ በራጅ ይታያል። የእንቅርት ሆርሞን፣ የእንቁላል መውጣት፣ የማህፀን እጢ፣ እነዚህ ሁሉ ከአይ ቪ ኤፍ በፊት የሚታዩ ናቸው፤ ለብዙዎቹ የነቀምቴ ሆስፒታሎች መነሻ ይሆናሉ። የሪፈር ወረቀቱ ከእነዚህ ውጤቶች ጋር ቢሄድ አዲስ አበባ ላይ ሳምንታት ይተርፋሉ።

ይህ ሁሉ ታይቶ አይ ቪ ኤፍ ከታዘዘና ክሊኒኩ የሽል ምርመራ ካቀረበ፣ ባልና ሚስቱ ጥቂት ነገር መጠየቅ አለባቸው። ከሦስቱ ምርመራዎች የትኛው ነው፣ ለእኛስ ለምን? ህዋሳቱን የሚመረምረው ላብራቶሪ የት ነው? ሽሉን የሚቆርጠው ባለሙያ ስንት ዓመት ሠርቶበታል? ውጤት ሳይገኝለት የሚቀር ሽል ዳግመኛ ይቆረጣል ወይ? ድብልቅ የተባለውን ምን ታደርጉታላችሁ? ዋጋው በሽል ነው ወይስ በአንድ ጊዜ? ሽሉ በበረዶ ሲቀመጥ በዓመት ስንት ይከፈላል? ክፍያው ቢቋረጥስ? ለአንድ ዘረ-መል በሽታ ተመርምሮ የተረገዘ ከሆነም በሦስተኛው ወር ከእንግዴ ልጁ ወይም ከ15ኛው ሳምንት በኋላ ከእንሽርት ውሃው ናሙና ተወስዶ ውጤቱ እንዲረጋገጥ ይመከራል፤ ይህ የት እንደሚሠራ ሽሉ ሳይገባ መታወቅ አለበት።

ለሕክምናው በሚፈረመው የስምምነት ቅጽ ውስጥ አንድ መስመር ደግሞ የማይገቡት ሽሎች ምን እንደሚሆኑ ይጠይቃል፤ ይጣሉ፣ ለጥናት ይሰጡ ወይስ ይቀመጡ። የአንዱ እምነት የሚፈቅደውን የሌላው ላይፈቅድ ይችላል፤ ባልና ሚስትም በዚህ ላይስማሙ ይችላሉ። ቅጹ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ ሕክምናው ሊጀመር ሲል፣ ወረፋ ላይ ሆነው ነው። ቅጂውን አስቀድመው ጠይቀው ወደ ቤታቸው ይዘውት ቢሄዱ፣ ከፈለጉም ከቄሳቸው፣ ከፓስተራቸው ወይም ከሼኻቸው ጋር ቢመክሩበት፣ የሚከለክላቸው የለም።